«ምን ነካው?» ስለ ኮከብና ስለ ሰው መለወጥ

አማርኛችን ስለ ሰው መለወጥ ሲናገር ሰውየውን ባለቤት አድርጎ አያስቀምጠውም። ትናንት ሲስቅና ሲያስቅ የነበረው ልጅ ዛሬ ዝም ካለ «ምን ነካው?» እንላለን። ሥራውን ጥሎ ከጠፋ «ምን አገኘው?» እንላለን። ሁለት የሚዋደዱ ሰዎች ሲለያዩ «ኮከባቸው አልገጠመም» ይባላል፤ ለፍቶ ለፍቶ ያልሞላለት «የአርባ ቀን ዕድሉ ነው» ይባላል፤ ጠባዩ ባንድ ጊዜ የተገለበጠ ከሆነማ «አንድ ነገር አቅምሰውት ነው» ተብሎ ጎረቤት ይጠረጠራል። በነዚህ አነጋገሮች ሁሉ ለውጡ ከውጭ መጥቶ ሰውየውን ያገኘዋል እንጂ ሰውየው ተነሥቶ ወደ ለውጡ አይሄድም።

ይህን የምናነሣው ሰዋስው ለማስተማር አይደለም፤ እሱን የሚያስተምሩ መምህራን አሉን። የምናነሣው ዘንድሮ በመኝታ ክፍላችን ስድስት ልጆች ለሁለት ወር ያህል ሌሊት ሌሊት የተከራከርንበት ጉዳይ ከዚሁ ጋር ስለሚያያዝ ነው። ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ አንድ ሰው መለወጡን፣ አዲስ አቅጣጫ መያዙን በኮከብ ቋንቋ ቢረዳው ራሱን አወቀ ነው የምንለው ወይስ ከራሱ ሸሸ? መለወጡ የሚጎዳው ሌላ ሰው ሲኖርስ፣ ለዚያ ሰው ኮከቡን መልስ አድርጎ ማቅረብ ይገባዋል ወይ?

ነገሩ የተነሣው እንዲህ ነው። የክፍላችን ልጅ፣ ስሙ ይቅርና፣ የሦስተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ነው። ሕግ የገባው አባቱም አጎቶቹም ስለፈለጉ ነው፤ በሰፈሩ ነገረ ፈጅ የሚሆን የተማረ ሰው ይጠበቃል። ክርክር ይወድ ነበር፤ ቡና ቤት ስንቀመጥ የሂሳቡን ነገር ሳይቀር በአንቀጽ ይከራከርበት ነበር። ታዲያ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ቀስ በቀስ ዝም አለ። ማታ ማታ ወደ ቲያትር ልጆች ልምምድ መሄድ ጀመረ፤ መጀመሪያ ለማየት፣ ኋላ መጋረጃ ለመጎተት፣ ከዚያ ወዲያ አንድ ሁለት ቃል ለመናገር። አገር ቤት ላለችው እጮኛው በሳምንት ሦስቴ ይደውል የነበረው በወር አንዴ ሆነ። እኛም እንደ አገራችን ወግ «ምን ነካው?» እያልን ስንጠያየቅ ከረምን። አንድ ቀን መልሱን ከስልኩ ላይ አወጣልን። የተወለደበትን ቀን፣ ሰዓትና ቦታ አስገብቶ የኮከብ ሰንጠረዥ አሠርቶ ኖሯል። ሰንጠረዡ ከሥሩ ረጅም ሐተታ ነበረው፤ ስለ ዕድል ሳይሆን ስለ ጠባይ፣ ስለ ልጅነት፣ ስለ «ውስጣዊ ጉዞ» የሚናገር። ሲያነብልን ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

እዚህ ላይ ይህ ዐይነቱ ኮከብ ቆጠራ ከየት እንደመጣ ትንሽ መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ጋዜጣ ላይ «በዚህ ሳምንት ገንዘብ ያገኛሉ» ከሚለው ጋር አንድ አድርጎ መሳቅ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን በምዕራቡ ዓለም የተነሡ አንዳንድ ሰዎች ኮከብ ቆጠራን ከጥንቆላ አውጥተው ወደ ሥነ ልቡና ለማስገባት ሞክረዋል። ዋነኛው ፓሪስ ተወልዶ አሜሪካ የኖረው ዴን ሩድያር ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 ባሳተመው ስለ ሰብእና ኮከብ ቆጠራ በሚናገረው መጽሐፉ፣ የልደት ሰንጠረዥ የሚደርስብንን ነገር የሚተነብይ ሳይሆን ልንሆነው የምንችለውን እንደ ዘር የያዘ ነው የሚል አሳብ አቀረበ። ከሱ በፊትም የስዊዘርላንዱ የሥነ አእምሮ ሐኪም ካርል ጉስታቭ ዩንግ ስለ ነፍስ ሲያስብ ሰንጠረዥ ይሠራ ነበር። በኋላም እዚያው ስዊዘርላንድ ብሩኖና ሉዊዝ ሁበር የተባሉ ባልና ሚስት ከጣሊያናዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ከሮቤርቶ አሳጆሊ የተማሩትን ከኮከብ ጋር አዋሕደው አንድ ዘዴ አወጡ። በነሱ ዘዴ ሰንጠረዡ አሥራ ሁለት ቤቶች አሉት፤ ዕድሜያችን በየቤቱ ስድስት ስድስት ዓመት እየቆየ በ72 ዓመት ዙሩን ይጨርሳል። በየቤቱ መካከል ከፍ ብሎ ደግሞ አንድ ዝቅተኛ ነጥብ አለ፤ ሰው እዚያ ሲደርስ ወደ ውጭ መሮጡ ያቅተውና ወደ ውስጡ ይመለሳል ይላሉ። ለምሳሌ ያህል ከ18 እስከ 24 ዓመት ያለው ጊዜ አራተኛው ቤት ነው፤ የአራተኛው ቤት ጉዳይ ደግሞ እናት፣ አባት፣ የትውልድ መንደር፣ ሥር መሠረት ነው። ዝቅተኛው ነጥብ የሚውለው 21 ዓመት ከ8 ወር ገደማ ላይ ነው። እስቲ አስቡት፤ ከቤቱ ተመድቦ ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ የሚማር የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ይህን ቢያነብ «እኔን ነው» ቢል ይፈረድበታል?

የኛስ? ብዙዎቻችን በአያቶቻችን ቤት ስሙን የሰማነው አውደ ነገሥት ሰውን የሚቆጥረው በሌላ መንገድ ነው። የሰውየው ስምና የእናቱ ስም ፊደላት ወደ ቁጥር ይለወጡና ይደመራሉ፤ ድምሩ በ12 ሲገደፍ የሚተርፈው ኮከቡን ይሰጣል። ሐመል፣ ሠውር፣ ገውዝ፣ ሸርጣን፣ አሰድ፣ ሰንቡላ፣ ሚዛን፣ አቅራብ፣ ቀውስ፣ ጀዲ፣ ደለዊ፣ ሑት። (ስሞቹ ከአረብኛ የመጡ ናቸው፤ እውቀቱ በየት በኩል እንደተሻገረ ራሳቸው ይመሰክራሉ።) እሳት፣ መሬት፣ ነፋስና ውሃም በየተራ ይከፋፈሏቸዋል። ቤተ ክርስቲያን ትምህርቱን ታወግዘዋለች፤ ሆኖም መጽሐፉን ገልጦ የሚቆጥረው ሰው ብዙውን ጊዜ ፊደሉንም መግደፉንም የተማረው እዚያው ቅጽር ግቢ ውስጥ ነው። ባሕረ ሐሳብ አጽዋማትንና በዓላትን ለማውጣት የሚገድፈውን፣ አውደ ነገሥት ለሰው ልጅ ዕጣ ይገድፈዋል።

ልዩነቱን ልብ በሉልን። በፈረንጁ ሰንጠረዥ የሰው መነሻው የተወለደበት ደቂቃ ነው፤ ደቂቃው አንዴ ካለፈ የሚሻር አይደለም። በኛ ቆጠራ ግን መነሻው ስም ነው፤ ስም ደግሞ ሰው ለሰው የሚያወጣው ነው። ስም ከተለወጠ ድምሩ ይለወጣል፤ ድምሩ ከተለወጠ ኮከቡም ይለወጣል ማለት ነው። መነኩሴ ሲመነኩስ ስሙ ይለወጣል። ንጉሥ ሲነግሥ ስሙ ይለወጣል። ካሣ ኃይሉን ውሰዱ፤ በሕዝቡ ዘንድ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ይመጣል የሚል ትንቢት ነበረ። ካሣ ትንቢቱ መጥቶ እስኪነካው አልጠበቀም፤ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ሲነግሥ ስሙን ራሱ ወሰደው። ደግሞ የሚገርመው፣ ከላይ የጠቀስነው ሩድያር ሲወለድ ዳንኤል ሼንቪዬር ነበር የሚባለው፤ ሩድያር የተባለው አሜሪካ ከገባ በኋላ ራሱ መርጦ ነው። ልደት የማይሻር ዘር ነው ብሎ ያስተማረው ሰው በኛ ደብተራ እጅ ቢወድቅ ኖሮ ሁለት ኮከብ ይወጣለት ነበር።

ወደ ጓደኛችን እንመለስ። ሰንጠረዡን ባነበበልን በሳምንቱ ይመስለናል፣ ከመካከላችን አንዱ «ሰዓትህን ከየት አመጣኸው?» ብሎ ጠየቀው። እናቱ እንደነገሩት የተወለደው በአስተርዮ ማርያም ዕለት፣ ከብት ሲገባ ነው። ከብት ሲገባ ማለት ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው፤ እሱም 12 ብሎ አስገባ። ስልኩ ግን የፈረንጅ ነው! ለስልኩ 12 ሰዓት ማለት እኩለ ቀን ነው፤ የናቱ አሥራ ሁለት ሰዓት የማታው ነው፤ በመካከሉ ስድስት ሰዓት ሙሉ አለ። ሰንጠረዡ የሚመካበት ትልቁ ነገር ደግሞ ሕፃኑ ሲወለድ በምሥራቅ አድማስ ብቅ የሚለው ኮከብ ነው። ሰማዩ በቀን አንድ ጊዜ ስለሚዞር ይህ ነጥብ በየአራት ደቂቃው አንድ ዲግሪ ያህል ይሄዳል። ስድስት ሰዓት ቢሳሳቱ የሰማዩ ሩብ ተዛባ ማለት ነው። ጓደኛችን እንባ እስኪተናነቀው ያነበበው ሐተታ የሌላ ሰው ነበር፤ እኩለ ቀን ላይ ለተወለደ፣ ሠውር በአድማሱ ለወጣ፣ «መሬትን የሙጥኝ ያልክ፣ አጥብቀህ የያዝከውን መልቀቅ የምትማርበት ዘመን ነው» ለሚባል ሰው የተጻፈ።

ሳቅን። እሱ ግን አልሳቀም፤ ሰዓቱን አስተካክሎ እንደገና አሠራው። አሁን በአድማሱ የወጣው አሰድ ሆነ፣ አንበሳው፣ የእሳቱ። ሐተታውም ተለወጠ፤ ሰው ፊት መቆም፣ መታየት፣ መድረክ ይወድዳል አለው። «ይኸው!» አለ። «ቲያትሩን አየችሁት?» እኛ ደግሞ «ያ የመጀመሪያውስ?» አልነው። ትንሽ አሰበና «ሁለቱም እኔ ነኝ» አለ። ልደቱ ከወሩ በኩል ደለዊ ነው፣ ነፋስ። አንደኛችን በአውደ ነገሥት ስሙን ከናቱ ስም ጋር ቢደምርለት ደግሞ ሸርጣን ወጣለት፣ ውሃ። እንግዲህ መሬቱም፣ እሳቱም፣ ነፋሱም፣ ውሃውም ሞላ። ቅኔ ቤት ያደገው ልጃችን አልጋው ላይ እንደተጋደመ «ድሮስ ሰው ከአራቱ ባሕርያት አይደለ እንዴ የተፈጠረው፤ ለዚህ ስልክ ያስፈልጋል?» አለ።

የ«ሁለቱም እኔ ነኝ»ን ነገር ሳይንስ መርምሮታል። እ.ኤ.አ. በ1948 በርትራም ፎረር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና መምህር 39 ተማሪዎቹን ፈተናቸውና ለየራሳቸው የተዘጋጀ ነው ብሎ ስለ ጠባያቸው የተጻፈ ወረቀት ሰጣቸው። ምን ያህል እውነት እንደሆነ ከአምስት ነጥብ ስጡ ሲላቸው አማካዩ 4.26 ሆነ። ወረቀቱ ለሁሉም አንድ ዐይነት ነበር፤ ቃላቱንም የለቃቀመው ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ደግሞ ሾን ካርልሰን የተባለ ተመራማሪ በታወቁ ኮከብ ቆጣሪዎች ላይ ፈተና አድርጎ ውጤቱን ኔቸር በተባለው መጽሔት አወጣ። ለቆጣሪዎቹ የአንድ ሰው ሰንጠረዥና ሦስት የጠባይ መግለጫዎች ይሰጧቸዋል፤ የባለሰንጠረዡ የትኛው ነው? ከሦስት አንዱን ማግኘት በጭፍንም ይቻላል፤ እነሱም ያገኙት ከዚያ ያልዘለለ ነበር። ስለ ቁጥሩ አያያዝ በኋላ ክርክር ተነሥቷል። ለኛ ግን ከዚያው ጥናት ይበልጥ የደነቀን ሌላው ነው፤ ሰዎቹ ራሳቸው በሥነ ልቡና ፈተና ከወጣላቸው መግለጫ ውስጥ የራሳቸውን መርጠው ማውጣት አቃታቸው። ኮከብ ቆጣሪው አላወቃቸውም፤ እነሱም ራሳቸውን አላወቁም። ስለዚህ «እኔን ነው» የሚለው ስሜት፣ እንባ እንኳ ቢኖርበት፣ ማስረጃ አይሆንም። ዩንግም ቢሆን የ483 ባልና ሚስቶችን ሰንጠረዥ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1952 ሲያሳትም፣ በመጀመሪያዎቹ ጥንዶች ደምቆ የታየው ምልክት ሌሎቹ ሲጨመሩ እየደበዘዘ መሄዱን አልደበቀም።

አሁን ከበድ ወዳለው እንግባ። የጓደኛችን ሐተታ ስለ ሳተርን አንድ ነገር ይላል። ሳተርን፣ አውደ ነገሥት ዙሐል የሚለው፣ ፀሐይን በ29 ዓመት ተኩል ያህል ይዞራል። ዙሩ በአራት ሲከፈል በየሰባት ዓመት ከምናምን ይውላል፤ በ7፣ በ15፣ በ22፣ በ29 ዓመት ገደማ። በነዚህ ጊዜያት ሰው የቆመበት መዋቅር ይነቃነቃል ይባላል። ጥሩ። ታዲያ 22 ዓመት የሞላው እሱ ብቻ ነው እንዴ? ግቢውን ብታዩት የሦስተኛና የአራተኛ ዓመት ተማሪ በሙሉ ሳተርን አራት ማዕዘን ላይ ቆሞበታል። ዕድሜያቸው 22 የሆነ እረኛ፣ ወያላ፣ ቤሩት ያለች የቤት ሠራተኛም እንደዚያው። ለሁሉ እኩል የሆነ ነገር የአንዱን ከሌላው መለየት ሊያስረዳ አይችልም። አንዱ ስለ «ውስጣዊ ጉዞ» የሚያነብበት ሰዓት ያለው፣ ሌላዋ እንቅልፏን እንኳ የማትጠግበው ለምንድን ነው ብለን ብንጠይቅ መልሱ ሰማይ ላይ አይደለም ያለው።

ይህን ያወቅን የመጀመሪያዎቹ እኛ አይደለንም። አውግስጢኖስ እ.ኤ.አ. በ400 አካባቢ በጻፈው ኑዛዜው አንድ ታሪክ ይነግረናል። በሁለት ወዳጅ ቤቶች ሁለት ሴቶች ነፍሰ ጡር ነበሩ፤ አንዷ እመቤት፣ አንዷ የሌላው ቤት ባሪያ። ባለቤቶቹ ኮከብ የሚከታተሉ ስለነበሩ ምጥ ሲመጣ ወዲያውኑ ለማስታወቅ መልእክተኛ አዘጋጁ። ሁለቱም እኩል ወለዱ፤ መልእክተኞቹም መንገድ እኩሌታ ላይ ተገናኙ። ሰንጠረዡ አንድ ሆነ። የእመቤቲቱ ልጅ በሀብት በክብር አደገ፤ የባሪያይቱ ልጅ ባሪያ ሆኖ ጌቶቹን ሲያገለግል ኖረ። አውግስጢኖስ የዔሳውንና የያዕቆብንም መንታነት ያነሣል፤ ለኛ ግን ይሄኛው ይበልጣል። ሁለት ሕፃናት አንድ ሰማይ ነበራቸው፤ አንድ እንጀራ ግን አልነበራቸውም።

እንዲህ ስንል ጓደኛችን ከሰንጠረዡ ምንም አላገኘም ለማለት አይደለም። በዚህ ነጥብ ላይ ከክፍላችን ሁለቱ አይስማሙንም፤ «ውሸት ውሸት ነው፣ ቢያጽናናም» ይላሉ። እኛ የቀረነው ግን እንዲህ እናያለን። ሰንጠረዡን ከማግኘቱ በፊት ለሁኔታው የነበሩት ቃላት ሁለት ነበሩ፤ «ሰነፍኩ» እና «ታመምኩ»። ቤተሰቡ የመጀመሪያውን፣ አንድ ዘመዱ ሁለተኛውን መርጠውለት ጠበል ሊወስዱት አስበው ነበር። ሐተታው ሦስተኛ ቃል ሰጠው፤ ወቅት። አንድ የነበረ ነገር የሚያልቅበት፣ ሌላው ገና ያልበቀለበት ጊዜ አለ፤ ይህም በሽታም ስንፍናም አይደለም። ሁበሮች ስለ ዝቅተኛው ነጥብ የሚሉት ሰማዩን ብናወጣለት እንኳ ሰብአዊነት አለው፤ አትሩጥ፣ ዝም ማለትህን አትፍራ ይላል። ገበሬ በነሐሴ ማሳው ላይ ቆሞ «ምነው አይታጨድም?» ብሎ አያብድም፤ እኛ ግን ራሳችንን በነሐሴ ለማጨድ እንሞክራለን። ለዚህ ቋንቋ በማጣታችን ነው ልጁ ከፈረንጅ ስልክ የተዋሰው። መበደሩን አንነቅፍም። ይሁንና የመጽሐፉን ምሳሌ መዋስና ሥልጣኑን መዋስ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ሥልጣኑን መዋስ የምንለው ከእጮኛው ጋር የሆነው ነው። ከብዙ ዝምታ በኋላ ደወለላትና ምን አላት መሰላችሁ? ሕይወቱ ወደ ሌላ ምዕራፍ እንደገባ፣ ሳተርን የድሮውን መዋቅር እያፈረሰ እንደሆነ፣ በዚህ ጊዜ የቆዩ ትስስሮች መላላታቸው ግድ እንደሆነ አስረዳት። ልጅቷ እስከ መጨረሻው አዳመጠችው አሉ። ከዚያ «እኔ ከሳተርን ጋር አልታጨሁም» ብላ ዘጋችው።

ስንት ገጽ ክርክር በዚህች ዐረፍተ ነገር ተጠቀለለ! ልጅቷ ስለ ኮከብ ቆጠራ ሳይንሳዊነት አልተከራከረችም፤ ውሸት ነውም አላለችም። ያለችው፣ የማነጋግረው አንተን ነው፣ አንተ የት አለህ ነው። ሦስት ዓመት የጠበቀች፣ ሌላ ጠያቂ መልሳ የላከች፣ ቤተሰቦቿ ደግሰው ሽማግሌ የተቀበሉላት ሴት ናት። እሱ ቢላት ኖሮ «ሰለቸሁ»፣ ወይም «ፈራሁ»፣ ወይም «ድሮ የወደድሽው ልጅ ልሆን አልቻልኩም»፣ ልትቆጣ፣ ልታለቅስ፣ ልታስረዳው፣ «የለም፣ እኔ የወደድኩት ያንን አይደለም» ልትለው ትችል ነበር። ምክንያት ማለት ሌላው ሰው መልስ ሊሰጥበት የሚችለው ነገር ነው። ኮከብ ግን መልስ አይሰጥበትም፤ በሳተርን ላይ ይግባኝ የለም። የሕግ ተማሪ ይህን ከኛ ይበልጥ ማወቅ ነበረበት፤ ተከሳሽ ይግባኝ የማይባልበት ዳኛ ዘንድ ሲያቆሟት ዝም አይልም ነበር።

እዚህ ላይ የቅኔ ቤቱ ልጅ ጠንካራ ተቃውሞ አቅርቧል፤ ሳንጠቅሰው ብናልፍ እናዳላለን። «እግዚአብሔር ጠራኝ ብሎ እጮኛውን ትቶ የመነነውንስ ምን ልትሉት ነው? አስተዳደጌ እንዲህ አደረገኝ የሚለውንስ? የመደብ አመጣጤ ነው የሚለውን የድሮ ተማሪስ? ሁሉም ከራሱ ውጭ ያመካኛል» አለን። እውነት አለው። ግን ልዩነትም አለ። ጠራኝ የሚል ሰው ቢያንስ በኛ አገር ዝም ብሎ አይለቀቅም፤ የነፍስ አባቱ ይመረምሩታል፣ አበምኔቱ በአገልግሎት ይፈትኑታል፣ «ያጨሃትን ልጅ ምን አደረግሃት?» ይሉታል። አስተዳደጌ ነው የሚለውን እናቱ «የለም፣ እንዲያ አላሳደግንህም» ብላ ልትሞግተው ትችላለች። ሁሉም የሚጠየቁበት በር አላቸው። የሚዘጋው የትኛውም ይሁን የትኛው፣ እግዚአብሔርም ይባል መደብም ይባል፣ ሌላው እንዳይናገር ሲነገር ነው። ኮከብ ለዚህ የሚመቸው ሰማይ ሩቅ ስለሆነ ነው።

ከሁሉ በኋላ አንድ ጥያቄ ጠየቅነው፤ ለኛ ነገሩን ያጠራልን እሱ ነው። «ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥስ? መጀመሪያ በስሕተት የወጣው አንበሳው ቢሆን፣ ሰዓቱ ሲታረም ደግሞ መሬቱን የሙጥኝ ያለው ቢመጣ፣ ቲያትሩን ትተው ነበር?» ጊዜም አልወሰደበት። «አልተውም» አለ። «ስድስት ወር ሙሉ ለአንዲት ቃል ማታ ማታ ስመላለስ ሰንጠረዥ አልነበረኝም።» በዚህ በኩል እንግዲህ ኮከቡ ጌጥ ነበር፤ ልጁ መንገዱን በእግሩ አግኝቶታል። ሁለተኛውን ጠየቅነው። «ሰንጠረዡ ታማኝ ነህ፣ የያዝከውን አትለቅም ቢልህ ኖሮ ለልጅቷ ምን ትላት ነበር?» ይህኛውን አልመለሰም። ወጥቶ ኮሪደሩ ላይ ቆየ።

ዝምታውን አልነቀፍንም። ልጅቷን አይወድዳት ይሆናል፤ ይህ ወንጀል አይደለም። ሊሆን የሚችለው ሌላም አለ፤ የሚያሳፍረው እሷን መተው ሳይሆን ሕግን መተው፣ የአባቱን ፊት ማየት ሊሆን ይችላል፤ እሷ ከዚያ ቤት፣ ከዚያ መንደር፣ ከዚያ ከተሰጠው ስም ጋር ስለተያያዘች ብቻ አብራ ልትጣል ይሆናል። በኮከብ ቋንቋ ሁሉም «የድሮው መዋቅር» ተብሎ ባንድ ከረጢት ይገባል፤ አባትም፣ የሕግ መጽሐፍም፣ የምትጠብቅ ሴትም። በምክንያት ቋንቋ ግን እያንዳንዱን ለብቻው አውጥቶ ማየት ግድ ነው፤ ይህን ለምን ተውኩ፣ ያችንስ ለምን?

ባለፈው ሳምንት የትምህርት ክፍል መቀየሪያ ቅጽ ወስዷል። ቅጹ ላይ «የተጠየቀበት ምክንያት» የሚል አንድ መስመር አለ፤ ከሱ በታች ለማኅተም የተተወ ቦታ ነው። መጀመሪያ በእርሳስ ረጅም ነገር ጽፎ ነበር፤ ምን እንደነበር አላሳየንም። ኋላ አጥፍቶ በቢክ «ቲያትር መማር ስለምፈልግ» ብሎ ጻፈ። ተቀባይነት ያግኝ አያግኝ ገና አልታወቀም። ለልጅቷ የጀመረው ደብዳቤ ግን፣ በስልክ ሳይሆን በወረቀት፣ አልጋው ራስጌ አለ፤ ሁለት ገጽ ሆኗል፣ አልጨረሰውም።